ታፕ እና ሎንግ ፕረስ በአንድ ቁልፍ ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቴሌግራም ላይ ድምፅ ስትልኩ የምትነኩትን የማይክ ምልክት አስቡት። ተጭናችሁ ስትይዙት ይቀዳል፤ ይህ ሎንግ ፕረስ ይባላል። ነካ አድርጋችሁ ስትለቁት (ይህ ታፕ ነው) ግን አይቀዳም፤ ወደ ካሜራ ይቀየርና ክብ ቪዲዮ ለመላክ ይዘጋጃል። አንድ ምልክት፣ ሁለት ሥራ። ሳታስቡት በቀን ስንቴ ትጠቀሙበታላችሁ። ያንኑ ነገር በራሳችሁ አፕ ላይ ለመሥራት ስትቀመጡ ነው ጉድ የሚፈላው።

ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከባልደረቦቼ፣ የአፕ ሥራን ገና ከሚማሩ ልጆች፣ አብዛኞቹ ደግሞ ከራሴ ስህተት የመጡ ናቸው። በምሳሌነት የማነሳው ለአንድ የሰፈር ሱቅ የሠራሁትን የዱቤ መዝገብ ነው። የደንበኛውን ስም ነካ ሲያደርጉት ሂሳቡ ይከፈታል። ተጭነው ሲይዙት ስሙ ይመረጣል፤ ከዚያ ሌሎችንም መርጦ በአንዴ «ከፍለዋል» ማለት ወይም ማጥፋት ይቻላል።

ስልኩ ታፕን ከሎንግ ፕረስ የሚለየው በምንድን ነው?

በጊዜና በእንቅስቃሴ። ጣት ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ስልኩ ምን እንደፈለጋችሁ ገና አያውቅም። ይጠብቃል። ጣቱ ቶሎ ከተነሳ ታፕ ነው። ሳይንቀሳቀስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ከቆየ ሎንግ ፕረስ ነው። ከተንሸራተተ ደግሞ ሁለቱም ይቀራሉ፤ ሰውየው ስክሮል እያደረገ ነው ማለት ነው።

ቁጥሮቹ ከቦታ ቦታ ትንሽ ይለያያሉ። አይኦኤስ (የአይፎን ሲስተም) ላይ መነሻው 0.5 ሰከንድ ነው፣ ጣቱም እስከ 10 ነጥብ (የአፕል የስክሪን መለኪያ) ድረስ ቢንቀሳቀስ ይታለፋል። ለአንድሮይድም ለአይፎንም አፕ የሚሠራባቸው ፍላተርና ሪአክት ኔቲቭ 500 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃሉ። አንድሮይድ ለብዙ ዓመታት 500 ነበር፤ በኋላ በመጡት እትሞች ወደ 400 ወርዷል። አንድሮይድ የሚታገሰው የጣት መንቀጥቀጥ 8 ዲፒ (የአንድሮይድ የስክሪን መለኪያ) ገደማ ነው።

ከቁጥሮቹ ይልቅ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ታፕ የሚታወቀው ጣት ሲነሳ ነው። ሎንግ ፕረስ የሚታወቀው ጣት ገና ስክሪኑ ላይ ሳለ ነው። ስለዚህ ሎንግ ፕረሱ ከተጠራ በኋላም ያ ጣት እዚያው አለ። መነሳቱ አይቀርም። ሲነሳ ምን ይሁን? ከዚህ በታች ካሉት ችግሮች ግማሽ ያህሉ ይህን ጥያቄ ካለመመለስ የመጡ ናቸው።

ሎንግ ፕረስ አድርጌ ጣቴን ሳነሳ ታፑም አብሮ ይሠራል። ለምን?

የዱቤ መዝገቡ የመጀመሪያ ቀን የገጠመኝ ይኸው ነበር። ባለሱቁ አንድ ስም ተጭነው ያዙ፣ ስሙ ተመረጠ፣ ያንኑ ስም ደግመው ያዙትና ጣታቸውን ሲያነሱ የሰውየው ሂሳብ ቦግ ብሎ ተከፈተ። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ጂኒ አለበት እንዴ?» አሉኝ።

ጂኒ የለበትም። አንድሮይድ ላይ የሎንግ ክሊክ ሊስነር (ሎንግ ፕረስ ሲመጣ የሚጠራው ኮድ) መልስ ይመልሳል፤ ትሩ (እውነት) ወይም ፎልስ (ሐሰት)። ትሩ ማለት «ጉዳዩን እኔ ጨርሻለሁ» ነው። ፎልስ ማለት «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ነው። ፎልስ ከመለሳችሁ ሲስተሙ ጣቱ ሲነሳ እንደ ተራ ክሊክ ይቆጥረዋል። መፍትሔው ትሩ መመለስ ብቻ ነው።

ቀላል ይመስላል። ኮትሊን በሚባለው የአንድሮይድ ቋንቋ ግን ወጥመድ አለው። ላምዳ (ስም የሌለው አጭር ፋንክሽን) ውስጥ የመጨረሻው መስመር ራሱ መልስ ይሆናል። የእኔ የመጨረሻ መስመር የደንበኛውን መለያ ወደ ተመረጡት ስብስብ የሚጨምረው አድ የሚባል ትእዛዝ ነበር። አድ አዲስ ነገር ሲጨምር ትሩ ይመልሳል፤ ነገሩ ቀድሞ ካለ ደግሞ ፎልስ። ስለዚህ አፑ ብዙውን ጊዜ በደንብ ይሠራል፤ አስቀድሞ የተመረጠን ስም ደግመው ሲይዙት ብቻ ይወፍፋል። እኔ ስሞክረው አንዴም አልወፈፈም። ባለሱቁ ሲሞክሩት በአምስተኛው ደቂቃ። አሁን የመጨረሻውን መስመር ሁልጊዜ በግልጽ ትሩ ብዬ እጽፋለሁ፤ ትርፍ ቢመስልም።

የአይፎን ስክሪን በሚሠራበት ስዊፍት ዩአይ ላይም የዚህ ዘመድ አለ። ተራ በተን (ቁልፍ) ላይ ሎንግ ፕረስን በሳይመልቴኒየስ ጀስቸር ከለጠፋችሁ፣ ስሙ እንደሚለው ሁለቱም ጎን ለጎን ይሠራሉ። ሎንግ ፕረሱ ይጠራል፣ ጣት ሲነሳ ደግሞ የበተኑ ሥራ ይከተላል። በተኑን ትታችሁ በተራ ቪው (የስክሪን ክፍል) ላይ ኦን ታፕ ጀስቸርንና ኦን ሎንግ ፕረስ ጀስቸርን ብታደርጉ ይሻላል። ያኔ ግን ቪዩ በተን መሆኑን ለቮይስኦቨር (ለማያይ ሰው ስክሪኑን ለሚያነበው የአይፎን አንባቢ) መንገር የእናንተ ሥራ ይሆናል፤ የበተን መለያውን (ትሬይት) መጨመር አትርሱ። የፈለጋችሁት ዝርዝር ምርጫ ማሳየት ብቻ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ ኮንቴክስት ሜኑን (ሲያዝ የሚወጣውን የሲስተሙን ዝርዝር) ተጠቀሙ። ከ2019 ጀምሮ፣ ከአይኦኤስ 13 ወዲህ አለ፤ ይህን ሁሉ ጣጣ ራሱ ይጨርሰዋል።

አይፎን ላይ ሎንግ ፕረሴ ሁለት ጊዜ ይጠራል። ማሳወቂያውም ሁለቴ ይወጣል።

ሎንግ ፕረስን የሚለየው የአይፎን ክላስ፣ ዩአይ ሎንግ ፕረስ ጀስቸር ሪኮግናይዘር፣ እንደ ታፕ አንዴ ብቻ ተናግሮ ዝም የሚል አይደለም። ሲጀምር ይጠራችኋል፣ ጣት ሲንቀሳቀስ ይጠራችኋል፣ ጣት ሲነሳም ይጠራችኋል። ስቴቱን (ያለበትን ደረጃ) ጠይቁት። ቢጋን (ጀመረ) ሲሆን ብቻ ሥሩ፣ ሌላውን እለፉት። በቃ።

ይህ ጠባዩ ግን ስህተት አይደለም። ድምፅ ለመቅዳት ከሆነ የምትፈልጉት ይህንኑ ነው፦ ቢጋን ሲል ቅዳ፣ ኤንድድ (አበቃ) ሲል አቁምና ላክ። ካንስልድ (ተሰረዘ) የሚለውን ሦስተኛውን አትዝለሉት። ሰው እየቀዳ ሳለ ስልክ ሊደወልለት ይችላል። ያኔ ኤንድድ አይመጣም፤ ካንስልድ ነው የሚመጣው። እሱን ካልሰማችሁ አፑ ቀረጻውን ሳያቆም ይቀራል።

በራሴ ቆጣሪ ብሠራው ምን ችግር አለው? ጣት ሲያርፍ ታይመር አስጀምራለሁ፣ ሲነሳ አቆማለሁ።

ሁላችንም አንዴ ሠርተነዋል። አሥር መስመር ኮድ ነው፣ ኢሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ አስመሳይ ስልክ) ላይም በደንብ ይሄዳል። ከዚያ ሰው እጅ ይገባል።

መጀመሪያ የሚመጣው ስክሮል ነው። ተጠቃሚው ዝርዝሩን ወደ ላይ ሊገፋ ጣቱን አሳረፈ፣ ትንሽ ዘገየ፣ ቆጣሪያችሁ ሞላና መረጠበት። ስለዚህ ጣቱ ምን ያህል እንደሄደ መለካት አለባችሁ። ስንት ፒክስል? በየስክሪኑ ይለያያል። ቀጥሎ፣ ዝርዝሩ ስክሮል ሲጀምር ጣቱን ከእናንተ ቪው ይነጥቃል። ያኔ «ተነሳ» የሚል መልእክት አይደርሳችሁም፤ «ተሰርዟል» የሚል ነው የሚደርሳችሁ። «ተነሳ»ን ብቻ የሚጠብቅ ቆጣሪ መቁጠሩን ይቀጥላል። ሁለተኛ ጣት ቢያርፍስ? ገጹ ቢዘጋና ቆጣሪው ከተዘጋ በኋላ ቢሞላስ? አፑ ድርግም ይላል። በታብሌት ላይ ማውዝ የሰካ ሰው፣ በኪቦርድ የሚሠራ ሰው አለ፤ ለእነሱ ቆጣሪያችሁ የለም።

ከሁሉም የሚከፋው ግን የሰውየውን ምርጫ መጣሳችሁ ነው። አንድሮይድ የተደራሽነት ሴቲንግ ውስጥ ጣት ምን ያህል ሲቆይ ሎንግ ፕረስ እንደሚባል ተጠቃሚው ራሱ ይመርጣል፤ አጭር፣ መካከለኛ፣ ረጅም። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ረጅሙን መርጧል እንበል። እናንተ ኮዱ ውስጥ 500 ብላችሁ ከጻፋችሁ ምርጫው ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

የግድ በራሳችሁ መሥራት ካለባችሁ፣ ለምሳሌ በካንቫስ ላይ የሚሳል ጨዋታ ከሆነ፣ ቢያንስ ቁጥሩን ከሲስተሙ ጠይቁ። አንድሮይድ ላይ ቪው ኮንፊገሬሽን የሚባለው ክላስ ሎንግ ፕረስ ታይምአውትንም፣ ተች ስሎፕንም (የሚታለፈውን የጣት እንቅስቃሴ) ይነግራችኋል። ሁለቱንም ከዚያ ውሰዱ።

አንድሮይድ ላይ ጀስቸር ዲቴክተር (የጣት እንቅስቃሴን የሚለይ ክላስ) ተጠቅሜ ነካ ባደረግኩ ቁጥር ሎንግ ፕረስ ይጠራል። አበድኩ።

ኦን ዳውን የሚለውን ፋንክሽን አይታችሁታል? ምናልባት ፎልስ ይመልስ ይሆናል። አብነቱ ከኤዲተሩ ሲመጣ እንደዚያ ነው የሚመጣው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጣት ሲያርፍ ዲቴክተሩ ሎንግ ፕረስ መቁጠር ይጀምራል። እናንተ ፎልስ ስትመልሱ ቪዩ «ይህ ጣት አይመለከተኝም» አለ፤ ስለዚህ ቀጣዮቹ መልእክቶች አይላኩለትም። ጣቱ መነሳቱን አይሰማም። ቆጣሪውን የሚያቆመው የለም። ሞላና ጠራ። ትሩ መልሱ፣ ይረጋጋል።

እግረ መንገዴን፦ እዚያው ክላስ ውስጥ ለታፕ ሁለት ፋንክሽን አለ። ሲንግል ታፕ አፕ ጣት እንደተነሳ ወዲያው ይጠራል። ሲንግል ታፕ ኮንፈርምድ ደግሞ ሁለተኛ ታፕ እንደማይከተል እስኪያረጋግጥ ይጠብቃል። ዳብል ታፕ ከሌላችሁ የመጀመሪያው ይበቃችኋል።

ዳብል ታፕም ብጨምርስ?

አትጨምሩ፣ ካልተቸገራችሁ በቀር። ዳብል ታፕ ካለ ስልኩ የመጀመሪያውን ታፕ አምኖ መሥራት አይችልም፤ ሁለተኛው ይመጣ እንደሆነ መጠበቅ አለበት። አንድሮይድና ፍላተር ላይ ጥበቃው 300 ሚሊ ሰከንድ ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ጣት ግን ያውቀዋል። አፑ «ይጎትታል» የሚባለው እንዲህ ነው።

ድሮ የስልክ ድረ ገጾች በሙሉ በዚህ ይታሙ ነበር። ብሮውዘሮች ዳብል ታፕ ለማጉላት ስለሚያገለግል እያንዳንዱን ክሊክ 300 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያቆዩት ነበር። ክሮም ለስልክ ስፋት በተዘጋጁ ገጾች ላይ ይህን ያነሳው በ2014 ነው።

ሎንግ ፕረስ እንዲህ ያለ ዕዳ የለበትም። ታፑን አያዘገይም፤ ጣት ቶሎ ከተነሳ ታፑ እዚያው ይሠራል። ለዚህም ነው ሁለተኛ ሥራ ስትፈልጉ ከዳብል ታፕ ይልቅ ሎንግ ፕረስ የሚመረጠው።

ዝርዝር ውስጥ ብዙ ነገር ለመምረጥ ታፕና ሎንግ ፕረስን እንዴት ላዋህድ?

ሁለት ሁኔታ አድርጋችሁ አስቡት፤ ተራ ሁኔታና የመምረጥ ሁኔታ። በተራው ሁኔታ ታፕ ይከፍታል፣ ሎንግ ፕረስ ወደ መምረጥ ያስገባል፣ የተያዘውንም ይመርጣል። አንዴ መምረጥ ውስጥ ከተገባ ታፕ ሥራውን ይቀይራል፦ ይመርጣል ወይም ምርጫውን ይመልሳል። ሁለተኛውን ስም ለመምረጥ እንደገና መያዝ አያስፈልግም። የመጨረሻው ምርጫ ሲነሳ ወደ ተራው ይመለሳል። የስልኩ መመለሻም መጀመሪያ ከመምረጥ ያውጣ እንጂ ገጹን አይዝጋ። ይህቺን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። አሥራ ሁለት ስም መርጦ በስህተት መመለሻውን የነካ ሰው ሲበሳጭ አይቻለሁ።

የት እንደሆናችሁ የሚናገር ምልክት ግድ ነው። ከላይ ያለው አሞሌ ቀለሙን ይቀይር፣ «3 ተመርጠዋል» ይበል። ታፕ ሥራውን ሲቀይር ስክሪኑ ካልተቀየረ ሰው ይደናገራል።

ኮዱ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሪሳይክለር ቪው (የአንድሮይድ ዝርዝር ማሳያ) ላይ የረድፉን ቁጥር ረድፉ ሲሞላ ይዛችሁ አትቆዩ። ከላይ አንድ ስም ሲጠፋ ቁጥሮቹ ይዛነፋሉ። አበበን ይዘው ከበደ ይመረጣል። ዱቤ መዝገብ ላይ ይህ ጠብ ነው። ቁጥሩን ጣት ባረፈበት ሰዓት ከሆልደሩ (ረድፉን ከሚይዘው ነገር) ጠይቁ፤ ምርጫውን ደግሞ በደንበኛው መለያ እንጂ በረድፍ ቁጥር አትመዝግቡ።

ስዊፍት ዩአይ ላይ ሌላ ችግር ይገጥማችሁ ይሆናል፦ ስክሮል ቪው ውስጥ ኦን ሎንግ ፕረስ ጀስቸር ስታስገቡ ዝርዝሩ አልንቀሳቀስ ይላል። የተለመደው ዘዴ ከሎንግ ፕረሱ በፊት ኦን ታፕ ጀስቸር ማስቀደም ነው፤ ባዶ እንኳ ቢሆን። ቆንጆ መፍትሔ አይደለም። ይሠራል ግን።

ጄትፓክ ኮምፖዝ (የአንድሮይድ ስክሪን መሥሪያ) ላይ የትኛውን ልጠቀም?

ኮምባይንድ ክሊከብል። ታፕ፣ ሎንግ ፕረስ፣ ዳብል ታፕ በአንድ ሞዲፋየር (ባሕርይ መጨመሪያ) ይቀበላል፣ ለቶክባክም (ለአንድሮይድ ስክሪን አንባቢ) ራሱ ይናገራል፣ ሲነካ የሚታየውን ጥላም ይሠራል። ክሊከብል ላይ ሌላ ሎንግ ፕረስ መደረብ አያስፈልግም፤ ብትደርቡም ሁለቱ በአንድ ጣት ይጣላሉ።

ዲቴክት ታፕ ጀስቸርስ የሚባለውም አለ። ጣቱ ያረፈበትን ትክክለኛ ነጥብ ስትፈልጉ፣ ለምሳሌ ካርታ ወይም ሥዕል ላይ፣ እሱ ይሻላል። ሁለት ነገር ግን ከእናንተ ይጠብቃል። አንደኛ፣ ለተደራሽነት ምንም አይናገርም። ሁለተኛ፣ የሚጻፍበትን ፖይንተር ኢንፑትን ዩኒት በሚባል የማይቀየር ኪይ ከከፈታችሁት መጀመሪያ የያዘውን ላምዳ እንደያዘ ይቀራል። መረጃው ተቀይሮ እሱ ያረጀውን ያነባል። የሚቀያየረውን ነገር ኪይ አድርጋችሁ ስጡት።

ፍላተር ላይ ወላጅና ልጅ (ውጫዊው ክፍልና በውስጡ ያለው) ሁለቱም ሲሰሙ ማን ያሸንፋል?

ፍላተር ጉዳዩን በውድድር ነው የሚፈታው። ጣት ሲያርፍ የሚሰሙት ሁሉ ወደ አንድ ሜዳ ይገባሉ። ጣቱ ከ500 ሚሊ ሰከንድ በፊት ከተነሳ ታፕ ያሸንፋል፣ ሎንግ ፕረስ ይወጣል። ከቆየ ሎንግ ፕረስ ያሸንፋል፣ ታፕ ይሰረዛል። ስለዚህ ወላጁ ሎንግ ፕረስ፣ ልጁ ታፕ ቢሰሙ በሰላም ይኖራሉ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሰሙ አብዛኛውን ጊዜ ውስጠኛው ይወስዳል።

ብዙ ሰው የሚደናቀፈው አይከን በተን ላይ ነው። ቱልቲፕ (ቁልፉ ምን እንደሆነ የሚናገር ትንሽ ጽሑፍ) ጽፋችሁለታል፣ ከውጭ ደግሞ በሎንግ ፕረስ ሸፍናችሁታል። ስትይዙት የእናንተ ሥራ አይሠራም፤ ቱልቲፑ ብቅ ይላል። ምክንያቱ ቱልቲፕ ራሱ ስልክ ላይ በሎንግ ፕረስ የሚከፈት መሆኑ ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ።

ሪአክት ኔቲቭስ?

እዚህ ብዙ የሚባል የለም። ፕረሰብል ውስጥ ኦን ፕረስንም ኦን ሎንግ ፕረስንም ስጡት። ሎንግ ፕረሱ ከተጠራ ተራው ፕረስ አይከተልም። ጊዜው በዲሌይ ሎንግ ፕረስ ይቀየራል። ምልክቱ ትንሽ ከሆነ ሂት ስሎፕ (የሚነካበት ተጨማሪ ቦታ) ጨምሩለት፣ ጣት እንዳይስተው።

ዌብ አፕ ላይስ?

ዌብ ላይ የተዘጋጀ ሎንግ ፕረስ የለም። አንድሮይድ ላይ ክሮም ጣት ሲቆይ ኮንቴክስት ሜኑ የሚለውን ኢቨንት ይልካል፤ አይፎን ሳፋሪ ላይ ግን አትተማመኑበት። ስለዚህ ከላይ «አትሥሩ» ያልኩትን ቆጣሪ እዚህ መሥራት ግድ ይሆናል። ፖይንተር ዳውን ላይ ጀምሩ። ፖይንተር አፕ፣ ፖይንተር ካንስል፣ ወይም ከ10 ፒክስል ያለፈ እንቅስቃሴ ሲመጣ አቁሙ። ሎንግ ፕረሱ ከተጠራ ምልክት ያዙና ቀጥሎ የሚመጣውን ክሊክ ዋጡት።

ብሮውዘሩም የራሱ ልማድ አለው፤ ጣት ሲቆይ ጽሑፍ ይመርጣል፣ የሊንክ ሜኑ ያወጣል። በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) ዩዘር ሴሌክትን እና ዌብኪት ተች ኮልአውትን «ነን» (ምንም) ብላችሁ ማስቆም ይቻላል። ግን በምትፈልጉት ቁልፍ ላይ ብቻ። ገጹን በሙሉ ከዘጋችሁት ሰው ስልክ ቁጥር እንኳ ኮፒ ማድረግ ያቅተዋል። እንዲህ ያለ ገጽ አጋጥሟችሁ እንደማያውቅ አትንገሩኝ።

ሎንግ ፕረሱ ቶሎ እንዲሠራ ጊዜውን ላሳጥረው?

ተዉት። 200 ሚሊ ሰከንድ ካደረጋችሁት ቀስ ብለው የሚነኩ ሰዎች ታፕ ማድረግ ያቅታቸዋል። ያረጁ እጆች፣ የደከሙ እጆች፣ ስክሪን ፕሮቴክተሩ የተሰነጠቀ ስልክ አለ። ማስረዘም ትርጉም የሚኖረው ሥራው አደገኛ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ የአደጋ ጥሪ ቁልፍ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ቢያዝ ያስኬዳል። ያኔ የሚሞላ ክብ አሳዩ፣ ሰው ምን እየጠበቀ እንደሆነ ይወቅ።

ንዝረት ያስፈልጋል?

አዎ። ሰው ጣቱን መቼ እንደሚያነሳ የሚያውቀው በእሱ ነው። አንድሮይድ ላይ ሊስነሩ ትሩ ከመለሰ ንዝረቱ ራሱ ይመጣል። አይፎን ላይ በሪኮግናይዘር ከሠራችሁ እናንተ ናችሁ የምትጠሩት፤ ኮንቴክስት ሜኑ ከሆነ ግን አብሮት አለ። ፍላተር ላይ ኢንክዌል አንድሮይድ ላይ ይንዘራል፣ የራሱ የፍላተር ጀስቸር ዲቴክተር ግን ዝም ነው።

ተጠቃሚው ሎንግ ፕረስ እንዳለ በምን ያውቃል?

አያውቅም። እውነቱ ይኼ ነው። ቁልፍ ይታያል፣ ሎንግ ፕረስ አይታይም። አፕል እንኳ በ2015 ከአይፎን 6ኤስ ጋር 3ዲ ተችን አምጥቶ፣ ስክሪኑን ጠበቅ አድርጎ በመጫን የሚከፈት ሌላ ዓለም ሠርቶ፣ በ2019 ከአይፎን 11 ላይ አንስቶታል። በቦታው የቀረው ጣትን ማቆየት ብቻ ነው።

ልማዱም አንድ ወጥ አይደለም። ቴሌግራምን ተመልከቱ። አንድሮይድ ላይ መልእክቱን ነካ ስታደርጉት ሜኑ ይወጣል፣ ስትይዙት ይመረጣል። አይፎን ላይ ሜኑው የሚወጣው ስትይዙት ነው። ስልክ የቀየረ ሰው ለጥቂት ቀን ግራ ይጋባል።

ስለዚህ የእኔ ደንብ ይህ ነው፦ በሎንግ ፕረስ የሚሠራ ነገር ሁሉ ሌላ በር ይኑረው። ሦስት ነጥብ ሜኑ፣ ወይም ላይኛው አሞሌ ላይ «ምረጥ» የሚል ቁልፍ። ሎንግ ፕረስ ለሚያውቅ ሰው አቋራጭ ነው እንጂ ብቸኛ መንገድ አይሁን። የዱቤ መዝገቡን በኋላ መጠቀም የጀመሩ አንድ የሱቁ ሠራተኛ ሁለት ወር ሙሉ ስሞችን አንድ በአንድ እየከፈቱ ሲያጠፉ ነበር። «ለምን አይዟቸውም?» ስላቸው «ማን ነገረኝ?» አሉኝ። ልክ ናቸው።

ማጥፋትን ደግሞ በሎንግ ፕረስ ብቻ ያለ ማረጋገጫ አትሥሩ። ስልክ ኪስ ውስጥ ይጫናል፣ ሕፃን እጅ ይገባል። «ተሰርዟል፣ መልስ» የምትል መስመር ለጥቂት ሰከንድ ብትታይ ብዙ ነገር ታድናለች።

ማየት የተሳናቸው ሰዎች ሎንግ ፕረስን እንዴት ይጠቀማሉ?

ቶክባክ ሲበራ አንድን ነገር ለመክፈት ሁለቴ ነካ ይደረጋል። ለሎንግ ፕረስ ደግሞ ሁለቴ ነክቶ በሁለተኛው ላይ መያዝ ነው። ቮይስኦቨርም ተመሳሳይ ነው። የተዘጋጀውን የሲስተሙን መንገድ ከተጠቀማችሁ ይህ ሁሉ በነጻ ይመጣል። በራሳችሁ ቆጣሪ ከሠራችሁ አይመጣም።

የሚቀራችሁ ሎንግ ፕረሱ ምን እንደሚሠራ መሰየም ነው። ኮምፖዝ ላይ ኦን ሎንግ ክሊክ ሌብል የሚባል ቦታ አለ፤ እዚያ «ደንበኛውን ለመምረጥ» ብላችሁ ጻፉ። አይፎን ላይ ሥራውን እንደ ከስተም አክሽን ብትጨምሩት ሰውየው መያዝ ሳያስፈልገው ከዝርዝር ይመርጠዋል። የቁልፉም መጠን ይታሰብበት፤ አንድሮይድ ቢያንስ 48 ዲፒ፣ አፕል 44 ነጥብ ይላሉ።

ስሠራ እንዴት ልሞክረው?

በራሳችሁ ጣት ብቻ አትመኑ፤ ጣታችሁ አፑን ያውቀዋል። የአንድሮይድ መሞከሪያው ኤስፕሬሶ ሎንግ ክሊክ አለው፣ የፍላተር ቴስተርም ሎንግ ፕረስ አለው፣ የአይፎኑ ኤክስሲ ዩአይ ቴስት ላይ ደግሞ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጫን ትነግሩታላችሁ። ከኮምፒውተር በኤዲቢ (አንድሮይድን ከኮምፒውተር በሚያዝ መሣሪያ) ለመሞከር ከፈለጋችሁ ብልሃት አለ፦ የስዋይፕ ትእዛዙን መነሻውንም መድረሻውንም አንድ ነጥብ አድርጉ፣ ጊዜውን 1000 ሚሊ ሰከንድ ስጡት። የማይንቀሳቀስ ስዋይፕ ሎንግ ፕረስ ይሆናል።

ከዚያ ርካሽ ስልክ ላይ ሞክሩት። ዋናው ትሬድ (የስክሪኑን ሥራ የሚሠራው የአፑ ክፍል) ሲጨናነቅ አጭር ታፕ እንደ ሎንግ ፕረስ ሊቆጠር ይችላል፤ ይህን በውድ ስልክ አታዩትም።

በአማርኛ መመሪያ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? «ይጫኑ» ይበቃል?

አይበቃም። ችግሩ «መጫን» በአማርኛ ሁለት ሥራ መያዙ ነው። ቁልፍ ይጫናል፣ አፕም ይጫናል። «መተግበሪያውን ይጫኑ» ብላችሁ ስትጽፉ ሰውየው ምስሉን ይንካ ወይስ ከፕሌይ ስቶር ያውርድ? የዱቤ መዝገቡ የመጀመሪያ እትም ላይ «ስሙን ይጫኑ» የሚል መስመር ነበረኝ። ባለሱቁ አንብበው «የት ላይ ነው የምጭነው? በአህያ?» ብለው ሳቁብኝ።

ለታፕ «ነካ ያድርጉ» ግልጽ ነው። ለሎንግ ፕረስ «ነክተው ይያዙ» እጽፋለሁ። «ለረጅም ጊዜ ይጫኑ» የሚለውን አልወደውም፤ ሰው አሥር ሰከንድ ይዞ የሚጠብቅ ያስመስለዋል። ቦታ ካለ «እስኪንዘር ድረስ ይያዙት» ብሎ መጻፍ ከሁሉም ይሻላል፤ መቼ እንደሚለቅ ይነግረዋልና። አንቱታውም ይጠቅማል። «ያዝ» ካላችሁ «ያዢ» የምትባለዋ ቀረች፤ «ይያዙ» ለሁለቱም ይሆናል።